ለቤታችን ምን እናንጥፍ?

እኛ የመጣነው ከደጋ ነው። አዋሽ ሰባት ስንደርስ ከቤት ያመጣነውን የሱፍ ስጋጃ በክፍላችን አነጠፍን። በሳምንቱ አቧራ ጠጣ። ሌሊት ሙቀቱ አላስተኛ ሲለን ጠቅልለን ከግድግዳ ጋር አቆምነው። በማግስቱ ስናነሳው ከሥሩ ጊንጥ ወጣ!

ስጋጃው ጥፋት የለበትም። የሱፍ ሥራ የታወቀባት ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ብርድ ነው። አዋሽን ተከትለን ወደ ታች ስንወርድ ግን ሰመራ ከ400 ሜትር ብዙም አታልፍም። ለብርድ የተሠራ ለሐሩር አይመችም።

የአፋር እናቶች ከዘንባባ ቅጠል ሰሌን ይሠራሉ። ቅጠሉን ያደርቁታል፣ ይሰነጥቁታል፣ ይጎነጉኑታል። ከዚያ ጉንጉኑን ጎን ለጎን ይሰፉታል። አሪ የሚባለው ቤታቸውም የሚሸፈነው በሰሌን ነው፤ ሲሰደዱ ቤቱ ፈርሶ በግመል ይጫናል። ሰሌን ነፋስ ያሳልፋል። ሲቆሽሽ ማራገፍ ነው።

ስትገዙ ወደ ፀሐይ አንሡት። ብርሃን በብዙ ቦታ ካሳየ ጉንጉኑ ልል ነው። ዳር ዳሩን እዩ፤ መፈታት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀለም ካለው በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት። ቀለሙ ከለቀቀ ልብስ ያበላሻል። ለሱቅ ስጋጃም ይሄው ነው።

አንዲት እናት ተማሪያችን ለልጃቸው ሠርግ የሱቅ ስጋጃ በዱቤ ሊወስዱ ነበር።

«እንግዳ በሰሌን ላይ ተቀምጦ ምን ይለኛል?» አሉን።

ዋጋውን ራሳቸው በደብተራቸው ጻፉት። ከገበያው ዋጋ ጋር ሲያስተያዩት ሁለት ፍየል ሆነ። ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ።

ሠርጉ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ እኛም ተጠርተናል። የምንቀመጠው እሳቸው በሠሩት ሰሌን ላይ ነው።