ስለ ሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ አመራረጥና ስለ ውሉ

አንድ ነጋዴ 100 ኩንታል ቡና ሲገዛ ደረጃውን ሳያይ፥ ሚዛኑን ሳያረጋግጥና የሚረከብበትን ቀን በጽሑፍ ሳያስገባ ገንዘቡን አይከፍልም። ይኸው ሰው ልጁን በሚድርበት ጊዜ ግን ፎቶግራፍ የሚያነሣለትን ሰው በስልክ ጠርቶ፥ ዋጋውን በቃል ተነጋግሮ፥ ቀብዱን ያለ ደረሰኝ አስረክቦ ይለያያል። ለድንኳኑ፥ ለወንበሩና ለምግቡ ውል ሲጽፍ የሰነበተ ጸሐፊ እንኳ ስለ ፎቶግራፉ አንዲት መሥመር ጻፍ አይባልም። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል።

በ2016 ዓ.ም. በወርኃ ጥር፥ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እሑድ፥ አንድ የመርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የበኵር ልጁን ዳረ። ከፎቶግራፍ አንሺው ጋር የተስማማው በ60,000 ብር ሲሆን 20,000 ብሩን አስቀድሞ በቀብድ ሰጥቷል። ፎቶግራፍ አንሺው በሥራው የታወቀ ሰው ነበር፤ ነጋዴውም የመረጠው ስሙን ሰምቶ ነው። ይሁን እንጂ ሰውዬው ለዚያው ቀን የሦስት ሠርግ ቀብድ ተቀብሎ ስለ ነበር፥ ወደ ነጋዴው ቤት የላከው ሥራውን ገና በመማር ላይ የሚገኝ ወጣት ረዳቱን ነው። ወጣቱ ሲተጋ ዋለ፤ በዚህ አይታማም። ነገር ግን የያዘው ካሜራ ሥዕሉን የሚያስቀምጠው በአንድ ሜሞሪ ካርድ ብቻ ነበርና፥ ካርዱ ተበላሽቶ የጧቱ ክፍል በሙሉ ጠፋ። ከጠፋውም ውስጥ ሙሽራዪቱ ከደብረ ብርሃን የመጡትን የአያቷን ጉልበት ስማ ስትመረቅ የተነሣው ይገኝበታል። እኒያ አያት ፋሲካን ሳያዩ ዐረፉ። ቤተ ሰቡ በሐዘኑ ድንኳን የሚያቆመው ፎቶግራፍ ሲፈልግ ያገኘው የመታወቂያ ወረቀታቸውን ጉርድ ፎቶ ነው።

ነጋዴው ቅሬታውን ባቀረበ ጊዜ የተሰጠው መልስ «ሰው ልኬ የለምን? ውሉን መቼ አፈረስሁ?» የሚል ነበር። መልሱ የሚያሳዝን ቢሆንም በሕግ ዐይን ሲታይ ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1740 እንደሚደነግገው፥ ባለዕዳው ግዴታውን በራሱ እንዲፈጽም የሚገደደው፥ ይህ ለባለገንዘቡ አስፈላጊ ሲሆን ወይም በግልጽ ስምምነት ሲደረግበት ነው፤ አለዚያ በሌላ ሰው ሊያስፈጽም ይችላል። በስሙ የተመረጠ ፎቶግራፍ አንሺ ራሱ መምጣቱ ለባለ ሠርጉ አስፈላጊ ነው ብሎ መከራከር እርግጥ ይቻላል። ነገር ግን «ራሱ መጥቶ ያነሣል» የሚሉ ሦስት ቃላት በወረቀት ላይ ሰፍረው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባላስፈለገ ነበር።

የቀብዱም ነገር እንደዚሁ ነው። በቁጥር 1885 መሠረት፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ነጋዴ ሁሉ ከቤትና ከመኪና ሽያጭ ያውቀዋል። ዳሩ ግን ሥራውን አበላሽቶም ቢሆን ሰው የላከ ወገን ውሉን ትቼአለሁ አላለምና፥ የቀብዱ እጥፍ ለእንዲህ ያለው ጉዳት መድኃኒት አይሆንም። ካሣ መጠየቅ ይቻላል፤ ሆኖም የአያትን ምርቃት ማን በስንት ብር ይተምነዋል?

አመራረጡን በሚመለከት፥ በስልክ የሚታዩትን ወይም በግድግዳ የተሰቀሉትን ምርጥ ሥዕሎች ብቻ አይቶ መወሰን ስሕተት ነው። ከ100 ሠርግ አንዳንድ ሥዕል ለቅሞ ማሳየት ማንንም አያዳግትም። መጠየቅ የሚገባው የአንድ ሠርግ ሥራ ከጧት እስከ ማታ እንዳለ እንዲቀርብ ነው። በእኛ አገር ሠርግ ላይ ዋነኛው ፈተና ነጩ የአገር ልብስ ነው። ካሜራ ብርሃንን የሚለካው በአማካይ ስለ ሆነ፥ ብዙ ነጭ በፊቱ ሲያጋጥመው ሥዕሉን ያጨልመዋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ያነሣው እንደ ሆነ ሸማው አመድ መስሎ የሰዎቹ ፊት ይጠፋል። ድንኳኑም ባለ ቀለም ሸራ ከሆነ ቀለሙ በእንግዶቹ ፊት ላይ ያርፍና ዘመድ ሁሉ የታመመ ይመስላል። ተክሊል የሚፈጽሙ ደግሞ ሥርዐቱ ጎሕ ሳይቀድ ሊጀመር ስለሚችል፥ በጥቂት ብርሃን የተነሣ ሥራ ማየት፥ ፍላሽ የሚፈቀድ መሆኑንም ከደብሩ አስተዳዳሪ አስቀድሞ መረዳት ያሻቸዋል። ቀድሞ እነ ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ በቤተ መንግሥት ሲያነሡ፥ አንድ ሥዕል ማበላሸት ገንዘብ ማባከን ስለ ነበር እጃቸው የረጋ ነበር። የዛሬው ካሜራ በአንድ ቀን ከ2,000 በላይ ያነሣል፤ የቍጥሩ ብዛት ግን የጥራት ምስክር አይደለም።

በፎቶግራፍ አንሺዎች በኩል ያለው አቤቱታም ሊደመጥ ይገባል። ሠርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ስለሚከማች፥ የዓመት ገቢያቸው በጥቂት እሑዶች ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሙሽራዪቱ ከፀጉር ቤት ሁለት ሰዓት ዘግይታ ትወጣለች፤ የመናፈሻው ጊዜ ያልፋል፤ ወቀሳው የሚወርደው በፎቶግራፍ አንሺው ላይ ነው። ኬክ ሲቈረስ አጎቶችና አክስቶች ስልካቸውን አንሥተው ከፊቱ ይቆማሉ። ከሁሉም የሚከፋው፥ አልበሙን አሳትሞ ከጨረሰ በኋላ ቀሪ ሒሳቡን ከፍሎ የሚረከበው ሰው ማጣቱ ነው። በአደባባይ ለአንድ ቀን ግብር ሚሊዮን ያወጣ ሰው፥ በአልበሙ 10,000 ብር ላይ ወራት ሲያመላልስ ማየት ለነጋዴ ስም የሚያሳፍር ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ማን ራሱ እንደሚያነሣ፥ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፥ መልሱ ይጨመር ወይም አይጨመር እንደ ሆነ፥ ካሜራው በአንድ ጊዜ በሁለት ካርድ የሚያስቀምጥ መሆኑ፥ አልበሙ በምን ቀን እንደሚሰጥና ቀሪው ሒሳብ መቼ እንደሚከፈል ይግባበት። ሥዕሉን ለማስታወቂያ መስቀል የሚፈልግ ፎቶግራፍ አንሺም ፈቃዱን በዚያው ላይ ይጠይቅ፤ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 27 ከልክሏልና። ከውሉ ጋር፥ ሊነሡ የሚገባቸው ሽማግሌዎች ስም ዝርዝር ተያይዞ፥ በየወገኑ እነርሱን የሚያውቅ አንድ ዘመድ ከፎቶግራፍ አንሺው አጠገብ እንዲውል ቢደረግ መልካም ነው። እንግዳ ሰው የትኛዋ አሮጊት አያት፥ የትኛዋ ጎረቤት እንደ ሆነች ከየት ያውቃል?

የንግድ ምክር ቤቱ የዚህን ውል ናሙና ከፎቶግራፍ ቤት ባለቤቶች ጋር መክሮ ቢያዘጋጅና ለአባሎቹ ቢያድል ወጪው ጥቂት ነው። ለመጪው ጥር የሚሰጠው ቀብድ ከመስከረም ጀምሮ እጅ ስለሚለውጥ፥ ሥራው ከዚያ በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል።