«ሮቶውንም ተዉልኝ!»

የዛሬው ደብዳቤ ከወደ አዳማ ነው። ወንድምና እህት የወረሱትን ቤት ሊሸጡ ውል ጽፈው ቀብድ ተቀብለዋል። ውሉን ሊያስመዘግቡ ሁለት ቀን ሲቀር ገዢው ብቅ አለ፦ «ሮቶውን ተዉልኝ፣ ጣሪያው ስለሚያፈስ ቀንሱልኝ፣ የሚመዘገበው ውል ላይ ደግሞ ግማሹን ዋጋ እንጻፍ።» እህት «ቀብዱን ወርውርለት!» ትላለች። ወንድም ገዢው እንዳያመልጠው ፈርቷል።

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እህትህን አረጋጋት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ካፈረሰ የሚመልሰው እጥፉን ነው። አንተም አትፍራ፤ ሰጪው ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። ስለዚህ ገዢውም እንዲሁ ጥሎ አይሄድም።

አሁን ጥያቄዎቹን ነጣጥላችሁ እዩ። ሮቶው? የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ውሃ ማጠራቀሚያ ቢመኝ አይፈረድበትም። ከተዋችሁለት ግን ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የቃል «እሺ» ነገ ጠብ ነው። ጣሪያው? ማፍሰሱን እያወቀ ከተደራደረ ዋጋው አልቋል። ደብቃችሁት ከሆነ ግን እውነት አለው፤ ባለሙያ ጠርታችሁ የጥገናውን ወጪ አስገምቱና ተነጋገሩ።

በሦስተኛው ግን እኔ ብሆን ንቅንቅ አልልም። የመንግሥትን ክፍያ ማጭበርበር መሆኑ ሳያንስ፣ ገዢው ነገ ቀሪውን ቢክድ በእጃችሁ ያለው ወረቀት የሚመሰክረው ለግማሹ ነው። «ዋጋው እንዳለ ይጻፍ» በሉት፣ በትሕትና። ካንገራገረ ወደ ጠበቃ ጎራ በሉ።

በሉ፣ ሳምንት ያገናኘን!