ቀኝና ግራ በአንድ ስፒከር

በእርጅና ወይም በሕመም ምክንያት ከደጀ ሰላም ለመድረስ ላልቻሉ ወላጆች፣ ልጆቻቸው የተቀዳ ማሕሌትና ስብከት የሚያሰሙበትን ገመድ አልባ ስፒከር በገዛ እጃቸው መሥራታቸው የሚያስመሰግን ተግባር ነው። ሣጥኑን አናጢ ያግዛል፤ ብየዳውም በጥቂት ቀን ይለመዳል። የሚያስቸግረው፣ ከስልክ በቁጥር መልክ የመጣውን ድምፅ ፈትቶ ለጆሮ የሚያበቃውን ቺፕ መምረጡ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ እርሱ ጥቂት ለመናገር ወደድን።

በገበያ ከታወቁት ሁለቱን እንያዝ። ፒሲኤም 5102ኤ የተባለው እስከ 32 ቢት፣ በሰከንድም እስከ 384,000 ናሙና ይቀበላል። ነገር ግን ስፒከርን በራሱ ኃይል ማንቀሳቀስ ስለማይችል ሌላ ማጉያ ይሻል። ማክስ 98357ኤ ግን መፍታቱንም ማጉላቱንም በአንድነት ይፈጽማል፤ በ5 ቮልት ለባለ 4 ኦም ስፒከር 3 ዋት ያህል ይሰጣል። ለአንድ መኝታ ክፍል ይህ በቂ ነው።

ወጣቶቻችን ቁጥሩ ወደሚበልጠው ያዘነብላሉ። ይሁን እንጂ ብሉቱዝ ድምፁን ከመላኩ በፊት ቀንሶ ያሽገዋል፤ ኤስቢሲ በተባለው በተለመደው ዘዴ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በሰከንድ 44,100 ናሙና ነው። በመንገድ የቀረውን ቺፑ ከየት ያመጣዋል? በቤቱ ደኅና ማጉያ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ አንቃወምም፤ ለሌላው ግን ሁለተኛው ይሻላል እንላለን። ተቀባዩ ሰሌዳ ሲገዛም ስሙን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል። የመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ከስልክ ሙዚቃ የሚተላለፍበትን የቀድሞውን ብሉቱዝ ያውቃል፤ ኤስ3 እና ሲ3 የተባሉት ታናናሾቹ ግን አያውቁትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በማሕሌት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ቆመው፣ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው እየመሩ፣ እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ቅጂው በሁለት ማይክሮፎን ከተደረገ አንደኛው ወገን በግራ መስመር፣ ሌላው በቀኝ መስመር ጎልቶ ይገባል። ማክስ 98357ኤ የሚነዳው አንድ ስፒከር ስለሆነ፣ የትኛውን መስመር እንደሚያሰማ የሚወስነው ኤስዲ የተባለው እግሩ ነው። በዚህ እግር ላይ ከ1.4 ቮልት በላይ ከደረሰ ግራውን ብቻ ያሰማል፤ ከ0.16 እስከ 0.77 ቮልት ሲሆን ግን የሁለቱን አማካይ ይሰጣል። እንግዲህ ይህን እግር በቀጥታ ከ3.3 ቮልት ጋር ያያያዘ ልጅ ግማሹን ማሕሌት ሳያውቅ አስቀርቷል። መሪው ወገን በጉልህ ሲሰማ ተቀባዩ ከሩቅ እንደሚመጣ ይደክማል፤ በአልጋቸው ሆነው የሚያዳምጡት አባትም ጆሮዬ ከዳኝ ብለው ያዝናሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ እግሩን ከ5 ቮልቱ ጋር በ1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር ማገናኘት። በብዙ ዝግጁ ሰሌዳዎች ላይ ይህ ሬዚስተር አስቀድሞ ስለተበየደ ሳይነኩት መተው ይበቃል። ከስፒከሩ ሁለት ገመዶች አንዱንም ከመሬት መስመር ጋር ማገናኘት አይገባም።

ሥራው ሲያልቅ በበገና አትፈትኑት። የበገና አውታር ከእንዚራው የተነሣ በባሕርዩ ይነዝራል፤ የስፒከሩ መንቀጥቀጥ ከዚያ ጋር ሲቀላቀል ጉድለቱ አይለይም። መጀመሪያ የአንድ ሰው ንባብ፣ ቀጥሎም ሁለቱ ወገን የሚቀባበሉበት ማሕሌት ይሰማበት።