የባሌ ነጋዴ ደንበኛውን የት ይመዝግብ?

ማኅበራዊ ሚዲያ ወደ ደንበኛ ግንኙነት ሶፍትዌር ዘልቆ ገብቷል። ይህ ለሮቤ፣ ለጎባና ለባሌ ደጋ ነጋዴ ይበጃል ወይስ አይበጅም? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ደንበኛው ባለበት

የደንበኛ ግንኙነት ሶፍትዌር መጀመሪያ የተሠራው ኢሜይልና የመንገድ አድራሻ ላለው ሰው ነው። ሲናና ወረዳ ስንዴ የሚያመርት ገበሬ ግን ኢሜይል የለውም፤ ቤቱም በመንገድ ቁጥር አይገኝም። ሮቤ ላይ ኮምባይነር የሚያከራይ ሰው የሶፍትዌሩን ቅጽ ከፍቶ ቢቀመጥ ግማሹን ሳይሞላ ይተወዋል።

ቴሌግራም ይህን ችግር ሳይታሰብ ፈታው። ገበሬው በአፋን ኦሮሞ ድምፁን ቀድቶ ይልካል፦ ስንዴው ደርሷል፣ ማሳው ይህን ያህል ነው፣ መንገዱ ጨቅይቷል፣ በኩንታል ስንት ታስከፍላለህ? ማሳው ዳር ቆሞ ያለበትን ቦታ ይልካል፤ ፎቶም ይጨምርበታል። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ገናና ቦና በሚባሉት ወቅቶች ያመርታል። የገናው ሰብል የሚታጨደው ቀጣዩ ዝናብ ደጅ ላይ ሳለ ነው፤ ኮምባይነሩ ከዘገየ እህሉ እዚያው ማሳ ላይ ሊበቅል ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰውየውን ድምፅ፣ ቦታና ፎቶ በአንድ መስኮት ማግኘት የትኛውም ቅጽ ያልሰጠው መዝገብ ነው።

ትልልቆቹም ኩባንያዎች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የደንበኛ ግንኙነት ሶፍትዌር ሠሪው ሴልስፎርስ፣ ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ዕቃና ስለ ድርጅት የሚለውን እየተከታተለ የሚያደራጀውን ራዲያን6 የተባለ የካናዳ ኩባንያ በ326 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዋትስአፕ ደግሞ በጥር 2010 ዓ.ም. ለትንንሽ ነጋዴዎች ዋትስአፕ ቢዝነስን አወጣ፤ ደንበኛን «አዲስ»፣ «ክፍያ የቀረበት»፣ «የከፈለ» እያሉ መለየት ያስችላል፣ ያውም በነፃ። ቀድሞ ኮምፒውተርና ባለሙያ ይጠይቅ የነበረው ሥራ ጎባ ላይ ማር የምትሸጥ ሴት ኪስ ውስጥ ገባ።

አስጎብኚዎቹን ደግሞ እዩ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ፓርኩ ውስጥ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ያየ እንግዳ ፎቶውን ሲለጥፍ፣ ከሥሩ «ማን ወሰደህ?» የሚል ይመጣል። ዲንሾ ያለው አስጎብኚ እዚያው መልስ ይሰጣል፤ ቀጣዩ ደንበኛ የሚገኘውም እዚያው ነው። ቅሬታም ቢሆን በአደባባይ ይቀርባል። ድሮ የተከፋ እንግዳ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር፤ አስጎብኚውም የጎደለውን አያውቅም ነበር። አሁን ያውቃል፤ መልሱንም ሌላው እንግዳ ያነበዋል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የደንበኛ አያያዝ ትምህርት አላውቅም።

መዝገቡ በእጅ ይሁን

ወንድሜ የነገሩን ሁሉ ስለ ወሬው ነው፤ ስለ መዝገቡ አልነገሩንም። ባሌ ላይ መዝገብ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ ቁብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ሲመታው፣ ብዙ የባሌና የአርሲ ገበሬ ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት መጣና ባሌ ላይ ዲገሉን ለይቶ መታው። በዚያ ሰዓት መታወቅ የነበረበት ማን ዲገሉ ዘራ፣ የት ቀበሌ፣ ስንት ሄክታር የሚለው ነው። ዋግ ቀን አይሰጥም፤ ፀረ ፈንገስ የሚረጨውም ቶሎ ሲታወቅ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር የቴሌግራም ግሩፕ አይመልስም። የተቀዳ ድምፅ ውስጥ «ዲገሉ» ብሎ መፈለግ አይቻልም። ፎቶው የማን ማሳ እንደሆነ በወሩ ይረሳል። ዘር የሸጠ ነጋዴ ግን ዝርያውን፣ መጠኑን፣ ቀበሌውንና ስልኩን ጽፎ ቢይዝ ያን ዕለት ማታ ይደውላል። በሐምሌ 2006 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን የገበሬዎች የስልክ መስመር የጀመረው በዚህ መንፈስ ነው፦ በማንኛውም ስልክ፣ በአዝራሩም ጭምር የሚሠራ፣ ደዋዩን የሚመዘግብ። ስማርት ስልክ የሌለው ገበሬም ደንበኛ ነው፤ የወንድሜ ቴሌግራም ግን አያየውም።

ሌላም አለ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸኛው ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ የተከፈቱት በሐምሌ ነው። ደንበኞቹን ሁሉ ቴሌግራም ውስጥ ያስቀመጠ ነጋዴ አምስት ወር ደንበኞቹን በቪፒኤን ሲፈልግ ከረመ። የማኅበራዊ ሚዲያው የሩቅ ባለቤትም ደንቡን ሲፈልግ ይቀይራል፤ ከካምብሪጅ አናሊቲካ ቅሌት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ፌስቡክ ለውጭ ሶፍትዌሮች ይሰጥ የነበረውን መረጃ ሲያጠብ፣ በዚያ ላይ የተሠሩ መሣሪያዎች ሥራቸው ተጓደለ።

የሰው ምስጢርም አለ። የቴሌብር ክፍያ ስክሪንሾት፣ ስምና ስልክ እንደያዘ፣ ግሩፕ ላይ ሲለጠፍ አያለሁ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚሰበስብን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ያ ስክሪንሾት ሲለጠፍ ገበሬውን ማን ጠየቀው?

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

እህቴ፣ የዲገሉን ነገር አልክድም። ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ያን ጊዜም ነበር፤ ያልተጻፈው መጻፍ አሰልቺ ስለሆነ ነው። የዘር ጆንያ ከሻጩ እስከ ማሳው በብዙ እጅ ያልፋል፤ ወረፋ በሚጋፋበት ቀን ቆሞ የሚመዘግብ ሠራተኛ የለም። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም፣ እንዲሠራበት ፈቅዷል። ገበሬው ወይም ስልክ ያለው ልጁ ዝርያ፣ ቀበሌና መጠን የሚሉ ሦስት አዝራሮች ቢነካ፣ እርስዎ የሚመኙት መዝገብ በራሱ ይሞላል። ማኅበራዊ ሚዲያ ሶፍትዌሩን የለወጠው እዚህ ላይ ነው፦ ጽሑፉን ከሻጩ ላይ አንሥቶ ለደንበኛው ሰጠው። ገበሬው ስለ ማሳው ከማንም በላይ ያውቃል፤ እሱ ይጻፈው።

የሁለተኛዋ ጸሐፊ መልስ

ቦቱን እቀበላለሁ፤ ግን የተነካው አዝራር የት ይደርሳል? ቴሌግራም ውስጥ ብቻ ከቀረ የካቲት 2015 ሲደገም አብሮ ይዘጋል። እዚያው ቀን ሮቤ ሱቅ ያለ ኮምፒውተር ላይ፣ ካልሆነም በየሳምንቱ ታትሞ ፋይል ውስጥ ይግባ። ግሩፑ በተቀጣሪው ስልክ ሳይሆን በድርጅቱ ቁጥር ይከፈት፤ ተቀጣሪው ሥራ ሲለቅ ደንበኞቹ አብረውት እየሄዱ ነውና። ስማርት ስልክ ለሌለው ገበሬ ደግሞ ሻጩ ራሱ በኦሮምኛ ጠይቆ ይሙላለት። የመጪው ገና ዘር ሳይሸጥ ወንድሜ ይህን አንድ ሱቅ ላይ ቢሞክሩት፣ ከጎባ መጥቼ ፋይሉን አብሬ አየዋለሁ።