ሲሚንቶው ከደጃችን፣ ቤቱ ከወዴት?

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለምዕራብ ሸዋ ሰው የተተረተ ይመስላል። ሲሚንቶ የሚመረትበት ሙገር የሚገኘው በዚሁ ዞን፣ በአዳ በርጋ ወረዳ ነው። የአዲስ አበባን ብዙ ሕንፃዎች ግድግዳ ያለበሰው የአምቦ ድንጋይ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው። የጀልዱና የአካባቢው ባሕር ዛፍ በአጣናና በማገር መልክ እየተጫነ ወደ ዋናው ከተማ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚያበረክተው አገር ልጅ ግን፣ በሸነንም ቢሆን፣ በጌዶም ቢሆን፣ በራሷ በአምቦም ቢሆን፣ ጎጆ ለመቀለስ ሲነሣ ወገቡ ይጎብጣል።

የቤት ነገር ሲነሣ ወሬው ሁሉ የአዲስ አበባ ነው። ስንት ኮንዶሚኒየም ታደለ፣ ለማን ዕጣ ወጣ፣ የአፓርታማ ካሬ ሜትር ስንት ገባ ይባላል። እኛ ግን የምንጠይቀው ስለ ሸነን ነው። የጅባት ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ በጋዜጣ ብዙ አትነሣም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ከተመረቅን በኋላ የምንመደበው፣ የምንከራየው፣ ዕድል ከቀናንም ቤት የምንሠራው እንደ ሸነን ባሉ ከተሞች እንጂ በቦሌ አይደለም። ስለዚህ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለቤት መሥሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። አዋጁ ተከራዩን ከባለ ርስቱ ጫና አላቀቀው፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን ለኪራይ የሚሆን ቤት የሚሠራ ለብዙ ዘመን ጠፋ፤ የቀበሌ ቤቶችም ጥገና እያጡ አረጁ። በዚያው ዘመን ለቤት ሠሪ ማኅበራት ያበድር የነበረው የቤትና ቁጠባ ባንክ ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በቤት ብድር ላይ ያተኮረ ባንክ እንደ ገና የታየው ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ የተስፋፋው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በክልል ከተሞችም ተሞክሮ ነበር፤ ግን አልዘለቀም። በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 የተመዘገበው ሕዝብ በዋነኛነት የአዲስ አበባ ሕዝብ ነው። የሸነን ሰው በዚህ ሁሉ መካከል ተመልካች ሆኖ ቆየ።

ለትንሽ ከተማ ሰው የቀረው በር እንግዲህ ሊዝ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ፣ ለመኖሪያ ቤት የሊዙ ዘመን 99 ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከጠቅላላው ዋጋ ከመቶ 10 እንዳያንስ ደነገገ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ 200 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 1,000 ብር ቢወጣ ጠቅላላው 200,000 ብር፣ ቅድሚያ ክፍያው 20,000 ብር ይሆናል። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ነገር ግን በጨረታው የሚያሸንፈው ከፍ ያለ ዋጋና ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ያቀረበው ስለሆነ፣ ባለ ደመወዙ ከባለ ገንዘቡ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ይሮጣል። ቢቀናው እንኳ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ግንባታ ጀምሮ መጨረስ ግዴታው ነው። ያለውን ሁሉ ለመሬቱ ያሟጠጠ ሰው ለምስማር ምን ይተርፈዋል?

የጨረቃ ቤት የሚበዛው ከዚህ የተነሣ ነው። ሰው ቀን በሕግ ያጣውን ሌሊት በጨረቃ ይሠራዋል። ከገበሬ በእጅ ወረቀት የገዛው ቦታ ካርታ የለውም፤ ካርታ ስለሌለው ባንክ አያበድረውም፤ ባንክ ስለማያበድረው ቤቱን አጠናክሮ አይሠራውም፤ አጠናክሮ ስላልሠራውም አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ የሚያዝንለት የለም። ይህን ሰው ሕገ ወጥ ብሎ መጥራት ቀላል ነው። ወደ ሕጋዊው በር የሚያስገባው ደጃፍ ለምን እንደ ጠበበ መጠየቅ ግን የኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ሲሚንቶው እንመለስ። የሙገር ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በዓመት 300,000 ቶን ሊያመርት የታቀደ ነበር። በ2007 ዓ.ም. እዚያው አዳ በርጋ ውስጥ የተመረቀው የዳንጎቴ ፋብሪካ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ይዞ መጣ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመረቀ። የማምረት አቅም እንዲህ ከጨመረ ዋጋው ለምን አይረክስም? ፋብሪካው የኖራ ድንጋዩን ከአጠገቡ ቢቆፍርም መለዋወጫውና የሚያጓጉዘው መኪና ጎማ ሳይቀር የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። መብራት ሲጠፋ እቶኑ ይቆማል፤ የመንገድ ጸጥታ ሲታወክ መኪናው ይቆማል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት መንግሥት ዋጋውንና ሥርጭቱን በመመሪያ ለመወሰን ቢሞክር፣ በተተመነው ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት የደላላ ሲሳይ ሆነ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ፌሮውም ቆርቆሮውም የሚሠራው ከውጭ በሚገባ ብረት ስለሆነ፣ ግማሽ ላይ የደረሰ ቤት ሁሉ ፌሮው እንደ ቀንድ ወደ ላይ ቆሞ ቀረ። የሩቅ ከተማ ሰው በዚህ ላይ የጭነትና የቸርቻሪ ትርፍ ይጨመርበታል።

እንግዲህ ሲሚንቶ እስኪረክስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነውን? በኛ አስተያየት ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቤት ማለት ብሎኬትና ፌሮ ብቻ ነው የሚል እምነት ገብቶብናል። በትንንሽ ከተሞቻችን አብዛኛው ሰው የሚኖረው በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭቃ ምርጊት፣ በቆርቆሮ ክዳን በተሠራ ቤት ነው። የተማረው ሰው ግን ይህን ቤት የድህነት ምልክት አድርጎ ያየዋል። በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የሚማሩ ጓደኞቻችን የፎቅ ምሰሶ ስሌት ሲሠሩ ያድራሉ፤ የእናታቸው ቤት ቋሚ ለምን እንደሚበሰብስ ግን የሚያስተምራቸው የለም። ንቀቱ ከሲሚንቶው ዋጋ የባሰ ጎድቶናል፤ የናቁትን ነገር ማሻሻል የሚያስብ የለምና።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ሦስት ነው፤ እርጥበት፣ ምስጥና ቸልታ። ቋሚው በቀጥታ መሬት ውስጥ ከተተከለ የክረምቱ ውኃ ከሥር ይበላዋል፤ ምስጡም መንገድ ያገኛል። ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ቢሠራና ቋሚው በላዩ ቢታሠር ግን ሁለቱም ይርቃሉ። የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቢወጣ የሐምሌ ዝናብ ምርጊቱን አያጥበውም። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀናት ቢሰነብትና እየተገላበጠ ቢረገጥ ሲደርቅ ያን ያህል አይሰነጠቅም። እናቶቻችን ይህን ያውቁታል፤ እኛ ነን የረሳነው። ከዚያ አለፍ ካለም ጥቂት ሲሚንቶ ተጨምሮበት በማሽን የሚጨመቅ የአፈር ብሎኬት አለ፤ እሳት ሳይፈልግ ከዚያው ከግቢው አፈር ይሠራል። ሲሚንቶውን ለመሠረቱና ለማሠሪያው ብቻ ቆጥቦ መጠቀም ማለት ይህ ነው።

መሬቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። በጊንጪና በአካባቢው ሜዳ ያለው ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በዋልካ ላይ ጥልቀት በሌለው መሠረት የቆመ ቤት፣ በስንት ኩንታል ሲሚንቶ ቢገነባ፣ ግድግዳው መሰንጠቁ አይቀርም። ስለዚህ «ብሎኬት ነው» ብሎ የገዛ ሰው ጭቃ ቤት ካለው ጎረቤቱ የተሻለ ቤት አለው ማለት አይደለም። አንድ ጠንካራ መሠረት ከአምስት ኩንታል ልስን ይበልጣል።

ስለ ገዢና ስለ ሠሪም አንድ ነገር እንበል። በትንሽ ከተማ ውል የሚታሠረው በቃል ነው። ባለቤቱ ዕቃ ያቀርባል፤ ግንበኛው በእጅ ዋጋ ይሠራል። ዋጋ በየወሩ በሚንርበት ዘመን ግን የቃል ውል ሁለቱንም ያቃቅራል። ባለቤቱ «ሲሚንቶዬን ሰረቀኝ» ይላል፤ ግንበኛው «ዕቃ ሳያቀርብ ሁለት ሳምንት አስቦዘነኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነት አላቸው። ብሎኬት ሻጩም ተቸግሮ ወይም ተስገብግቦ በሁለት ቀን ያወጣውን ብሎኬት ይሸጣል። ነገር ግን ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውኃ እየጠጣ ነው፤ ቢያንስ ለሰባት ቀን መጠጣት አለበት፤ የሚገባውን ጥንካሬ የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ቆርቆሮ ሲገዛም የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ የማያውቅ ገዢ ብዙ ነው፤ ባለ 35ቱ ከባለ 32ቱ ይበልጣል ብሎ የሚደሰት አይጠፋም። እንዲህ ያለው ዕውቀት የአንድ ገጽ ወረቀት ጉዳይ ነው። ያ አንድ ገጽ ግን ሳይጻፍ ቀርቷል።

በመጨረሻም ቤቱ የሚቆምበት መሬት ትናንት የማን እንደ ነበረ እንዳንረሳ። በዚህ አገር ይህ ጥያቄ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በተነሣ ጊዜ በአምቦ የተማሪ ደም ፈሷል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ መነሻው የኳስ ሜዳና የጭልሞ ደን ጉዳይ ነበር፤ ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. ቀረ። ፕላን ቢቀርም ከተማ ማደጉ አይቀርም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 455 ለተነሣው ገበሬ የዓመት ገቢውን አሥር እጥፍ ሲሰጥ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። መሻሻሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ እርሻ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማሸከም ለልጆቹ ኑሮ ዋስትና አይሆንም። ያው መሬት ለጨረታ ሲወጣ የሚያወጣውን ዋጋ ዳር ቆሞ የሚሰማ ገበሬ ልቡ እንዴት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። የእኛ ቤት በሌላው ዕንባ ላይ እንዳይቆም ከፈለግን፣ ገበሬው ከሚሸነሸነው ቦታ ለራሱና ለልጆቹ ድርሻ እንዲኖረው መጠየቅ ይገባናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አቤቱታ ብቻ አቅርበን እንዳንቀመጥ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ማዘጋጃ ቤቶች በውስጥ ሠፈር በድንጋይ መሠረት ላይ የተሠራ የተሻሻለ የጭቃ ወይም የአፈር ብሎኬት ቤትን እንደ ሙሉ ቤት ይቀበሉ፤ ቀላል የሆነ ፕላንም በነፃ ያድሉ። በምደባ የሚሰጠው ቦታ ለአነስተኛ ደመወዝተኞች ማኅበራት ይስፋ።

ሁለተኛ፣ ሲሚንቶ በየከተማው በማኅበራት ሱቅ በኩል ይድረስ፤ የመጣው መጠንና ዋጋው በማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ በግልጽ ይለጠፍ። ደላላ የሚወፍረው በጨለማ ነው።

ሦስተኛው የራሳችን ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠርና ወደ ትንንሽ ከተሞች ልኮት ነበር። ዛሬ ማንም ባይልከንም ክረምት ሲመጣ ወደየቤታችን መሄዳችን አይቀርም። የምሕንድስና ተማሪው የመሠረቱንና የምርጊቱን ነገር በአንድ ገጽ በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ፤ የሕግ ተማሪው ገዢና ግንበኛ የሚፈራረሙበትን አጭር የውል ቅጽ ያዘጋጅ፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪው በየከተማው የሲሚንቶን፣ የፌሮንና የቆርቆሮን ዋጋ በየሳምንቱ ይመዝግብ። በመስከረም ስንመለስ ሁሉንም አንድ ላይ አድርገን በዚህ መጽሔት እናወጣዋለን።

ይህ ሥራ በጀት አይጠይቅም፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሸነን ላይ አንዲት እናት የምታስመርገው ግድግዳ ከአምና ይልቅ ዘንድሮ አንድ ክረምት ቢጨምር፣ የተማርነው ትምህርት ለወገን ደረሰ ማለት ነው። ካልደረሰ ግን ዲግሪያችን ካርታ እንደሌለው ቤት ነው፤ ባለቤቱ ያውቀዋል እንጂ አገር አያውቀውም።