ፀሐይም ትቆጠራለች

እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ መደመርና መቀነስ ተምረናል። ዛሬ ደግሞ ቁጥር ምን ጥቅም እንደሚሰጥ እንነጋገር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በ1999 ዓ.ም. ቆጣሪዎች በየቤቱ እየዞሩ፣ ስንት ነፍስ እንዳለ እየጠየቁ ጽፈዋል። ያን ጊዜ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ዋና ኃላፊ ሴት ነበሩ። ስማቸው ወይዘሮ ሳሚያ ዘካሪያ ይባላል። በካፋ ዞን የተቆጠረው ሕዝብ 874,716 ነበር። ሴቶች 442,938፣ ወንዶች 431,778። እስቲ ቀንሱ። ሴቶቹ በ11,160 ይበልጡ ነበር። እንዲህ ብዙ ነገር ቆጥሮ፣ ደምሮና አወዳድሮ ትርጉሙን የማውጣት ሙያ ስታቲስቲክስ ይባላል።

ይህ ሙያ ሰውን ብቻ አይቆጥርም፤ ፀሐይንም ይቆጥራል። «ፀሐይማ አንዲት ናት፤ ምኗ ይቆጠራል?» ትሉ ይሆናል። የምትወጣበት ቀንና ደመና የሚሸፍናት ቀን ይቆጠራል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሰው ያለዚህ ቆጠራ አይሆንለትም።

ስለ አንዲት ሴት እንንገራችሁ። ማሪያ ቴልከሽ ትባላለች። በታኅሣሥ 1893 ሃንጋሪ በሚባል አገር፣ በቡዳፔስት ከተማ ተወለደች። ኬሚስትሪ ተምራ ዶክተር ሆነች። ከዚያ ወደ አሜሪካ ሄደች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ላይ ለሚቸገሩ ሰዎች፣ የባሕሩን ጨዋማ ውኃ በፀሐይ ሙቀት አጣርቶ የሚጠጣ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራች።

በ1941 ደግሞ በቦስተን ከተማ አጠገብ፣ ዶቨር በምትባል ስፍራ፣ በፀሐይ ብቻ የሚሞቅ ቤት ተሠራ። አገሩ በረዶ የሚጥልበት ብርዳም አገር ነው። የቤቱን ንድፍ ያወጣችው ኤሌኖር ሬይመንድ፣ ገንዘቡን የሰጠችው አሚሊያ ፒቦዲ ነበሩ። ሦስቱም ሴቶች ናቸው።

ቤቱ እንዴት ይሞቅ ነበር? ከላይ የተደረደረው መስተዋት የፀሐይን ሙቀት ይቀበላል። ሙቀቱ በበርሜል ወደተቀመጠ ጨው ይሄዳል። ጨው ስንል ወጥ የሚጣፍጥበት አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ነው። ሲሞቅ ይቀልጣል። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ሲረጋም የያዘውን ሙቀት ለቤቱ ይመልሳል። እኛ እህል በጎተራ እንደምናኖር፣ ማሪያም ሙቀት በጨው አኖረች።

ታዲያ ጎተራው ምን ያህል ይሁን? ቁጥር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ አሥር ቀን ያህል ብትጠፋ እንኳ ቤቱ እንዳይበርድ ታስቦ ጨው ተዘጋጀ። ሁለት ክረምት ደህና ሠራ። በሦስተኛው ግን ጨው ደጋግሞ ሲቀልጥና ሲረጋ ቆይቶ ዘቀጠ፤ በርሜሎቹም አፈሰሱ። ቤቱ በሌላ ማሞቂያ መሞቅ ግድ ሆነበት። ማሪያ ግን ሥራዋን አልተወችም። በፀሐይ የሚያበስል ምድጃም ሠራች። በኅዳር 1988፣ 95 ዓመት ሊሞላት አሥር ቀን ሲቀራት ሞተች።

አሁን ወደ ቦንጋ እንመለስ። አገራችን ደን የከበባት፣ ዝናብ የሚበዛባት ናት። ብዙ ሰው ኩራዝ ትቶ ሶላር ይገዛል። ከቡናና ከማር የተገኘ ብር ነው የሚወጣው። ሶላሩ በክረምት ቢጠፋ ብሩም መብራቱም ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቁጠሩ። በሐምሌ ወር በየቀኑ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። ፀሐይ ለወጣችበት ቀን ክብ፣ ለጠፋችበት ቀን ጭረት።

ከ30 ቀን 10ሩ ጭረት ቢሆን ምን ማለት ነው? ጭረቶቹ ተበታትነው ከመጡ ሶላሩ በየመካከሉ ይሞላል። አሥሩም ተከታትለው ከመጡ ግን ቤቱ ይጨልማል። ድምሩ አንድ ነው፤ ኑሮው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ጭረቶቹን መደመር ብቻ አይበቃም። ሳይቋረጥ የተከታተለው ጭረት ስንት እንደሆነ እዩ።

ከዚያ ሻጩን ጠይቁት፦ «ፀሐይ ሳያገኝ ስንት ሌሊት ያበራል?» መልሱ ከእናንተ ቁጥር ካነሰ፣ ከፍ ያለ ባትሪ ያለውን ፈልጉ፤ አለዚያ ኩራዙን አትጣሉ።

ጥያቄዎች
1. ማሪያ ሙቀቱን በምን አኖረች?
2. ሶላሩ ሦስት ሌሊት ቢያበራ፣ ፀሐይ ግን አምስት ቀን ብትጠፋ፣ ስንት ሌሊት በጨለማ ታድራላችሁ?

አዲስ ቃላት
ንድፍ — ቤት ከመሠራቱ በፊት በወረቀት የሚወጣ ሥዕል
ዘቀጠ — ወደ ታች ወረደ፣ አተላ ሆነ