ቤተሰብና ጨዋታ፦ ኮምፒዩተር ያልቆጠረው ሳር



በልጅነቱ «ዕቃ ዕቃ» ያልተጫወተ ማን አለ? አንዱ አባት፣ አንዷ እናት፣ ሌላው ነጋዴ ይሆንና ቆርኪው ገንዘብ፣ አፈሩ እህል ሆኖ ይመሻል። ይህን የመሰለውን ጨዋታ ለትልልቆች ደንብ አበጅተውለት እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ያሳተሙት ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሰዎች ናቸው፤ ስሙንም «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» አሉት። አንዱ ተራኪ ይሆናል። የተቀሩት በታሪኩ ውስጥ ያለ አንድ አንድ ሰው ይሆኑና በየተራቸው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። የሚሳካውና የማይሳካው በዕጣ ቁጥር ይለያል።

ዛሬ ይህን ጨዋታ የሚያግዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው ሮል20 ተራርቀው የሚኖሩ ተጫዋቾችን በኢንተርኔት ያገናኛል። በ2020 የወጣው ፋውንድሪ ደግሞ በተራኪው ኮምፒዩተር ላይ ይጫናል። ሁለቱም ካርታ ያሳያሉ፣ ዕጣ ያወጣሉ፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ጉልበትና ንብረት ይመዘግባሉ።

«ይህ ለአርባ ምንጭ ቤተሰብ ምን ይረባል?» የሚለን ይኖራል። ይረባል እንላለን። በሲቀላም ሆነ በሴቻ ልጆቻችን በየፊናቸው ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ያመሻሉ። ይህ ጨዋታ ግን ፊት ለፊት አስቀምጦ ያነጋግራቸዋል። የባዕድ አገር ጫካና ዘንዶ መዋስም ግድ አይደለም። አባያና ጫሞ፣ የነጭ ሳር ሜዳ፣ የዶርዜ የቀርከሃ ቤቶች እያሉ ሌላ ካርታ ለምን ይፈለጋል? ፕሮግራም መግዛትም አያሻም፤ ኤክሴል ያለው አንድ ኮምፒዩተር ይበቃል። በአንድ ገጽ የተጓዦቹ ስም፣ ስንቅና ድካም ይሰፍራል። «ራንድቢትዊን» የተባለው ቀመር ደግሞ ከ1 እስከ 20 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያወጣል። ነገር ግን በገጹ ላይ ሌላ ነገር በተጻፈ ቁጥር ዕጣው ይለወጣልና የወጣውን ወዲያው በወረቀት አስፍሩ። አለበለዚያ ጭቅጭቅ ይነሳል።

ይሁንና ልንጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው ቦታ የተሰጠውን ብቻ ነው። «ጉልበት» እና «ጉዳት» የሚሉ ዓምዶች ካሉት እነሱን ይደምራል፣ ይቀንሳል። «እርቅ» የሚል ዓምድ ከሌለው ግን እርቅን አያውቅም። ልጆቹም ሳይታወቃቸው የሚቆጠረውን ብቻ ማድረግ ይለምዳሉ፤ ችግር በገጠማቸው ቁጥር መምታት ይቀናቸዋል።

ለዚህ ከጋሞ የተሻለ ምስክር የለንም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆችን ጨምሮ ወገኖቻችን በተገደሉ ጊዜ የአርባ ምንጭ ወጣት ተቆጥቶ ወጣ። ቁጣው ወደ በቀል ሊዞር ሲል የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም አባቶቹን ጥሶ አላለፈም፤ ተመለሰ። ያን ቀን ጉልበትን ብቻ የሚያሰላ ማሽን ቢጠየቅ ማን ያሸንፋል ይል ነበር? ወጣቱ ብዙ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ በእጃቸው ያለውም ሳር ነው።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ጸሐፊ ይሁን እንጂ ዳኛ አይሁን። ተራኪው ሰው ይሁን፤ አባት፣ እናት ወይም ታላቅ እኅት። አንድ ልጅ «እኔ አልዋጋም፤ ሳር ይዤ እወጣለሁ» ቢል ሠንጠረዡ የሚሰጠው መልስ የለም። ተራኪው ግን «የተቆጡትን ሰዎች ምን ትላቸዋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ ቃላት ሲፈልግ የሚያሳልፋት ያቺ ጸጥታ የምሽቱ ትልቅ ትርፍ ናት።

ወላጆች ሁለት ነገር እንዲያስተውሉ እናሳስባለን። ብዙኃኑ ዑለማኦች በነርድ፣ ማለትም በዳይስ የሚካሄደውን ጨዋታ፣ ገንዘብ ባይያዝበትም ከልክለዋል። ዕጣውን ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር ብቻ ጉዳዩን ይፈታዋል ብለን እኛ አንፈርድም፤ ለምታምኑት ዓሊም አቅርቡት። ዕጣውን ጨርሶ ትቶ ተራኪው ምክንያት አይቶ እንዲወስን ማድረግም ይቻላል። ደግሞም በገበያ ያሉት ታሪኮች ብዙዎቹ ድግምትና ጣዖት የሞላባቸው ናቸውና የራሳችሁን ታሪክ ድረሱ።

አዛን ሲሰማ ደግሞ ጨዋታው ይቁም። ኮምፒዩተሩ የደረሳችሁበትን መዝግቦ ይጠብቃችኋልና «አሁን ካቆምን ይጠፋብናል» የሚል ማመካኛ የለም።

አላህ ቤታችንን የሰላምና የመደማመጥ ቤት ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።